የሁሉም ክፍል ምክትል

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ የማያርፍ ሰው አለ። ደመወዙ የሚወጣው ከአንድ ክፍል ነው፤ ሻዩ የሚቀዘቅዘው ግን በሁሉም ክፍል ነው። የሒሳብ ክፍሉ ማተሚያ ወረቀት ሲነክስ ከሥሩ ተንበርክኮ የምታገኙት እሱን ነው። ሰው ሲሞት ድንኳኑን፣ ሰው ሲያገባ ሚኒባሱን፣ ሰው ሲጣላ ሽማግሌውን የሚያፈላልገው እሱ ነው። የማይገኝበት ቦታ ቢኖር አንድ ብቻ ነው፤ የራሱ ጠረጴዛ። የእናንተም መሥሪያ ቤት ይህ ሰው አለ። «እኛ ጋ እንኳ የለም» ካላችሁ፣ አይክፋችሁና፣ እናንተው ሳትሆኑ አትቀሩም።

ሰበታ ውስጥ በአንድ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ይህን ማዕረግ ይዘው የኖሩት ክቡር አቶ ኪዳነወልድ፣ በግቢው አጠራር ጋሽ ኪዳኔ፣ ነበሩ። በቅጥር ደብዳቤያቸው የመጋዘን ሠራተኛ ናቸው። በሕዝብ ሹመት ግን የሁሉም ክፍል ምክትል ኃላፊ ነበሩ። ሹመቱን የሰጠቻቸው የማሸጊያ ክፍሏ ዱርሲቱ ናት። ዱርሲቱ የተፍኪ ልጅ ናት፤ ምላሷ ከመቀሷ ይስላል። «ኃላፊ እንዳንላቸው ወንበሩን አልሰጧቸውም። ሠራተኛ እንዳንላቸው ሥራቸው ላይ አይገኙም። በቃ ምክትል ይሁኑና እንረፍ» አለች አንድ ቀን ምሳ ላይ። ሹመቱ በዚያው ጸደቀ።

እኒህን ሰው እንደ ማሪቱ የሚያስታውሳቸው የለም። ማሪቱ ያን ጊዜ ረዳት የመጋዘን ሠራተኛ ነበረች፤ ጠረጴዛዋም ከእሳቸው ጠረጴዛ ፊት ለፊት ነበር። ዛሬ ቡራዩ፣ በሌላ ድርጅት ነው የምትሠራው። ቢሮው ያምራል፤ ወለሉ ፊት ያሳያል። ሠራተኛው ሁሉ ጆሮው ላይ የሆነ ነገር ሰክቶ ስክሪኑ ላይ ተተክሎ ይውላል። በገባች ሰሞን አንድ ነገር ግራ ገብቷት አጠገቧ ያለችውን ልጅ «እህቴ፣ ይሄን እንዴት ነው የምታደርጉት?» ብትላት፣ ልጅቱ በትሕትና፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል፣ «ጥያቄዎን በሲስተም ይላኩ፤ ቲኬት ይከፈትልዎታል» አለቻት። ማሪቱ ቲኬት ሲባል የምታውቀው የአውቶቡሱን ነው። ላከች። ከምሳ በኋላ ተከፈተላት። ጋሽ ኪዳኔ ቢሆኑ ገና አፏን ሳትከፍት ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀምጠው ነበር።

ልማዳቸው ይህ ነበር። ሰው ግንባሩን ሲቋጥር ከመጋዘኑ ወዲያ ጫፍ ሆነው ያዩታል። ከዚያ ይመጣሉ። «አምጣው እስቲ» ለወንድ፣ «አምጪው እስቲ» ለሴት፣ «ያምጡት እስቲ» ለሥራ አስኪያጁ። ምን እንደሆነ አይጠይቁም። የተበላሸ ሚዛን ይሁን የተበላሸ ትዳር ለእሳቸው አንድ ነው፤ መጀመሪያ ይረከባሉ፣ ከዚያ ያዩታል።

ጠዋት ጠዋት ሰርቪሱ ዓለም ገና ላይ ሲቆም ቀድመው የሚገቡት እሳቸው ናቸው። ገብተው አንዱ ወንበር ላይ ጃንጥላቸውን፣ አንዱ ላይ የምሳ ዕቃቸውን፣ አንዱ ላይ ኮታቸውን ያስቀምጣሉ። ለነፍሰ ጡሯ ነው፣ ወገቡን ለሚያመው ነው፣ ታማሚ ሲያስታምም አድሮ ሳይተኛ ለሚመጣው ነው። የያዙላቸው ሰዎች አንድ በአንድ መጥተው ይቀመጣሉ፤ ክቡርነታቸው ጃንጥላ፣ ምሳ ዕቃና ኮት ታቅፈው እስከ ሰበታ ቆመው ይሄዳሉ። ሾፌሩ በመስተዋት እያየ «ጋሼ፣ እርስዎስ?» ሲላቸው «እኔ ቀን ሙሉ እቀመጥ የለ» ይሉታል። ይህን ሲሉ ሰርቪሱ በሙሉ ይስቃል፤ ተቀምጠው ያያቸው ሰው ስለሌለ።

የጥገና ክፍሉ ማርቆስ ከወላይታ የመጣ ጎበዝ ልጅ ነው። አንድ ጊዜ ከአለቃው ተጣልቶ ሥራ ሊለቅ ቆረጠ። አማርኛው ለመናገር እንጂ ለመጻፍ አይቸኩልም ነበርና መልቀቂያ ደብዳቤ የሚጽፍለት ሰው ፈለገ። ማን ይጽፋል? ጋሽ ኪዳኔ ጻፉለት። ለሰው ሲጽፉ ደግሞ አይሰስቱም። የማርቆስን ትጋት፣ ማሽን ሲቆም የሚያድርበትን ሐሳብ፣ ለፋብሪካው ያለውን ፍቅር አንድ ሳያስቀሩ ዘረዘሩና በመጨረሻ «ስለዚህ በታላቅ አክብሮት ለመልቀቅ እጠይቃለሁ» ብለው ዘጉት። ሥራ አስኪያጁ አንብቦ ማርቆስን አስጠራው። «እንዲህ ያለ ሠራተኛ ነው እንዴ የሚለቀኝ?» ብሎ አለቃውን ቀየረለት። ማርቆስ እስከ ዛሬ እዚያው ነው።

ያው ማርቆስ ከጓደኞቹ ጋር በምሳ ሰዓት የክር ማከማቻው ውስጥ ይጸልያል። ጴንጤዎች ናቸው። ጋሽ ኪዳኔ አጽዋማቱን አንዱንም የማይስቱ፣ ለማርያም የሚሳሉ ሰው ናቸው። ሆኖም ጸሎቱ ሲጀመር በሩ ላይ ቆመው የሚጠብቁት እሳቸው ነበሩ፤ የዕቃ ጋሪ እንዳይገባባቸው። አንዱ ነገረኛ «ጋሼ፣ ተለወጡ እንዴ?» ቢላቸው «በር ለመያዝ መለወጥ ያስፈልጋል?» አሉት።

ይህ ሁሉ ሲሆን የገዛ ጠረጴዛቸው ምን መልክ እንደነበረው አትጠይቁ። ከላዩ ላይ ያልተራገፈ ሥራ ተከምሮ ተከምሮ፣ ማሪቱ ከወዲያ ማዶ ፊታቸውን ለማየት አንገቷን ማስገግ ነበረባት። ባለቤታቸው ወይዘሮ ተረፈች ለአንድ የፋብሪካው ዝግጅት መጥተው ክምሩን ሲያዩ ለማንም ያልራራ አስተያየት ሰጡ። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ሲባል ለሴት የተተረተ ይመስለኝ ነበር» አሉ።

ደግሞስ ሰውየው ከስተው፣ ተጎሳቁለው ቢሆን እኮ እናዝንላቸው ነበር። ጭራሽ! ፋብሪካው ውስጥ ጨጓራ የሌለበት፣ ደም ብዛት የማይለካ፣ ሰኞ ጠዋት ፊቱ የሚበራ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። የራሳቸውን ሥራ ብቻ ሠርተው የሚሄዱት ሰዎች ማታ ሲወጡ ተገንዞ የተነሣ ሬሳ ይመስላሉ። ጋሽ ኪዳኔ የስድስት ሰው ሥራ ሠርተው እያፏጩ ነው የሚወጡት። ማሪቱ ይህ ነገር ሁሌም ይገርማት ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽም ያናድዳት ነበር። ሲረዷት ትወዳቸዋለች። ረድተዋት ሲሄዱ ግን የጨረሰችውን ሥራ ታየውና የእሷ አይመስላትም። «እሳቸው ባይኖሩ እችለው ነበር ወይ?» የሚል ነገር እንደ ጠጠር ጫማዋ ውስጥ ይቀራል። ሰው ሁልጊዜ ተቀባይ ሲሆን ያንሳል፤ ይህን ለእሳቸው እንዴት እንደምትነግራቸው አላወቀችም።

ከዕለታት አንድ ቀን የመጋዘኑ ኃላፊ ለቆ ወደ ሱሉልታ፣ ወደ አንድ የውኃ ፋብሪካ ሄደ። ወንበሩ ክፍት ሆነ። ማሪቱ ማስታወቂያው በተለጠፈ ቀን ተመዘገበች። ምን ያህል ትፈልገው እንደነበር እሷ ናት የምታውቀው። ከተቀጠረች ጀምሮ በወረቀት ሁሉ ላይ ስሟ ፊት «ረዳት» የሚል ቃል አለ። ልጇ አንድ ቀን መታወቂያዋን አይታ «እማዬ፣ ማንን ነው የምትረጂው?» ብላ ጠይቃታለች። ኃላፊው የራሱ በር ያለው ክፍል ነበረው። ማሪቱ በዚያ በር ባለፈች ቁጥር እጀታውን ታየዋለች።

ጋሽ ኪዳኔ መመዝገቧን ሲሰሙ ከእሷ በላይ ደስ አላቸው። «አምጪው እስቲ» ብለው የሚጠየቀውን ጥያቄ ሁሉ እየገመቱ ያስጠኗት ጀመር። ሳምንት ያህል እንዲህ ካስጠኗት በኋላ አንድ ጠዋት ከክምሩ ጀርባ ብቅ አሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ማሪቱዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። እኔም ተመዝግቤያለሁ።»

«እርስዎ?»

«ተረፈች ወጥራ ያዘችኝ። ጡረታዬም እየቀረበ ነው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ደግሞ እኔም ፈልጌው ነበር።»

ማሪቱ ያን ሁሉ ዘመን ፊት ለፊታቸው ስትቀመጥ «ፈልጌው ነበር» ሲሉ ሰምታቸው አታውቅም። ለራሷ ፈራች፤ ለእሳቸው ደግሞ ደስ አላት። ሁለቱ ስሜቶች አብረው ሲመጡ ሰው ምን እንደሚል አላወቀችምና «ታዲያ ከዛሬ ጀምሮ እኔን ማስጠናቱን ይተዉና ለራስዎ ያጥኑ» አለቻቸው። «እሱ ይደርሳል» አሉና ያቋረጡትን ምዕራፍ ያስረዷት ቀጠሉ።

የቃለ መጠይቁ ቀን ደረሰ። ጋሽ ኪዳኔ ሱፍ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው መጡ። ተወዳዳሪዎቹ ኮሪደሩ ላይ በአንድ አግዳሚ ወንበር ተደርድረው ተቀመጡ። ጠያቂዎቹ ሦስት ናቸው። ሰብሳቢዋ ወይዘሪት ሄመን ናት፤ የሰው ኃይል ክፍሉ አዲስ ኃላፊ፣ ከመጣች ገና ወር ያልሞላት። ሁለቱ ሰዎች ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጡ ናቸው፤ የፋብሪካውን ሰው በስምም በመልክም አያውቁም። ሊጀመር ሲል አንድ ችግር ተፈጠረ። ሁልጊዜ ቃለ ጉባኤ የሚይዘው መኮንን ለቅሶ ሄዷል። ወይዘሪት ሄመን በሩን ገርበብ አድርጋ አንገቷን አወጣች።

«ይቅርታ፣ ቃለ ጉባኤ የሚይዝልን ሰው ይኖራል?»

ከዚህ በኋላ የሆነውን ከሰማይ በታች ሌላ ፋብሪካ ውስጥ ይሆናል ብዬ አልገምትም። ክቡርነታቸው ብድግ አሉ። «ያምጡት እስቲ» አሉና ገቡ።

በሱፍና በክራቫት የተቀመጠ፣ ዕድሜው የገፋ፣ ጽሑፉ ያማረ ሰው ሲያዩ ጠያቂዎቹ የመዝገብ ቤት ሹም ነው ብለው አሰቡ። ማሪቱ ተጠርታ ስትገባ ጋሽ ኪዳኔ ከጠረጴዛው ዳር ጎንበስ ብለው ሲጽፉ አገኘቻቸው። እግረ መንገዳቸውን እሳቸውንም ጠይቀው የጨረሱ መሰላት። አንድ ጥያቄ ላይ ስትንተባተብ ብዕራቸውን አቆሙና በዓይናቸው «ባለፈው ያልነው ነው እኮ» አሏት፤ ትዝ አላት፣ መለሰች። እያመሰገነች ወጣችና ወደ ሥራዋ ሄደች።

መጨረሻ ላይ አንድ ስም ቀረ። ጥበቃው ኮሪደሩ ላይ «አቶ ኪዳነወልድ!» ብሎ ተጣራ። ማንም የለም። ደግሞ ተጣራ። ውስጥ የተቀመጡት አቶ ኪዳነወልድ ቀና ብለው አፋቸውን ከፈቱ። ከዋናው መሥሪያ ቤት ከመጡት አንደኛው ሰዓቱን እያየ ነበር። «ይጻፉ፤ ተወዳዳሪው ቢጠሩም አልቀረቡም» አላቸው።

ጻፉ። በዚያ በሚያምር እጃቸው፣ ሳይሰርዙ ሳይደልዙ፣ «ተወዳዳሪው ቢጠሩም አልቀረቡም» ብለው ጻፉ። ጠያቂዎቹ ፈርመው ሲወጡ እጃቸውን ጨብጠው ስለ ትብብራቸው አመሰገኗቸው።

በማግስቱ ውጤቱ ተለጠፈ። አንደኛ ማሪቱ። ዱርሲቱ ጮቤ ረግጣ አቀፈቻት። ማሪቱ ስሟን ደጋግማ አየችው፤ ፊቱ ላይ «ረዳት» የሚል ነገር የለም። ከዚያ ዓይኗ ወደ ታች ወረደና መጨረሻዋን መስመር አነበበች። «አቶ ኪዳነወልድ፦ አልቀረቡም።» ወረቀቱን ትታ ጋሽ ኪዳኔን ፍለጋ ሄደች።

ሻይ ክበብ ውስጥ ከማርቆስ ጋር ተቀምጠው አገኘቻቸው። ዱርሲቱም ተከትላት ገባች። ማሪቱ ወንበር እንኳ ሳትስብ ጀመረች።

«ጋሽ ኪዳኔ፣ ወንበሩን ስጦታ አድርገው ሰጡኝ ማለት ነው?»

«ኧረ በማርያም፣ እንደሱ አይደለም።» ሻያቸውን ያማስላሉ፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። «አፌን ከፍቼ ነበር እኮ። ሰውየው ይጻፉ ሲለኝ እጄ ቀደመኝ።»

ማርቆስ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ማሪቱ አልሳቀችም።

«እሺ፣ እጅዎ ጽፎ ከጨረሰ በኋላስ? ያኔ አፍዎ የት ሄደ?»

ጋሽ ኪዳኔ ለሰው ችግር መልስ ያጡበት ቀን አልነበረም፤ ለራሳቸው ሲሆን ግን ማንኪያውን ነው የሚያዩት።

«እውነቱን ልንገርሽ?» አሉ በመጨረሻ። «ደስ አለኝ። አልቀረቡም ብዬ ስጽፍ ትልቅ ሸክም ወረደልኝ። የሰው ሥራ ሲሆን አልፈራም። ቢበላሽም የሰው ነው፣ ቢቃናም ይመርቁኛል። የራሴ ሲሆን ግን ልቤ ይርዳል። ቢጠይቁኝና ባላውቀውስ? እዚህ ግቢ ሰው ሁሉ ኪዳኔ ያውቃል ይላል። ስረዳ ኖርኩ እንጂ ማንም ፈትኖኝ አያውቅም።»

ማሪቱ ቁጣዋ ሁሉ የት እንደገባ ጠፋባት። አሳዘኗት። ያ ሁሉ መሯሯጥ ደስታ ብቻ ሳይሆን መደበቂያም ነበር ብላ አንድ ቀን እንኳ አስባ አታውቅም።

ዱርሲቱ ግን ማዘኑን አልመረጠችም። ወንበር ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«ኦቦ ኪዳኔ፣ እኛ ጂጊ የምንለውን እናንተ ደቦ ትሉታላችሁ አይደል?»

«አዎ፣ ደቦ።»

«የሁሉንም ሰው ማሳ እየዞረ የሚያርም፣ የራሱ ማሳ በአረም ሲዋጥ ግን ማንንም የማይጠራ ሰው ቢኖር፣ አገር ምን የሚለው ይመስልዎታል?»

«ደግ ሰው ነው አይለውም?»

«አይለውም። ንቆናል ነው የሚለው። እኛን መርዳት ያውቃል፣ የእኛ እጅ ግን ለእሱ ማሳ አይመጥንም ማለቱ ነው ብለው ይቀየሙታል። እኔ ራሴ ስቀየምዎት ነው የኖርኩት። ልጄ የታመመ ጊዜ የእኔን ፈረቃ ሠሩ። እርስዎ ወገብዎን የታመሙ ጊዜ ልተካዎት ስል ‹ምንም አልሆንኩም› ብለው እያነከሱ ሄዱ። እንግዲህ እኔ ምንድነኝ?»

ጋሽ ኪዳኔ ማንኪያውን አስቀመጡ። ፊታቸው ተለዋወጠ። «እኔ? እኔ ሰው ንቄ?» አሉ። መልስም አልጠበቁ፤ ተነሥተው ወጡ፤ ሻያቸውም እንደ ወጉ ቀዘቀዘ።

ማሪቱ ከሻይ ክበቡ በቀጥታ ወይዘሪት ሄመን ቢሮ ሄደች። በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች። ዞር ብላ ብትመለስ ማንም አያውቅባትም፤ ወንበሩ የእሷ ነው፣ በሕግ ያገኘችው ነው። አንኳኳች።

«አልቀረቡም የተባሉት ተወዳዳሪ ቀርበው ነበር» አለች። «ቃለ ጉባኤውን የያዙት እሳቸው ናቸው።»

ወይዘሪት ሄመን ግንባሯን ያዘች። «ሱፍ የለበሱት ሰውዬ? ውኃ የቀዱልን?»

«እሳቸው።»

«ራሳቸውን አልቀረቡም ብለው ጻፉ?»

«ይጻፉ ተብለው ነው» አለች ማሪቱ።

ወይዘሪት ሄመን ለመሳቅም ለማልቀስም ዳዳትና ፊቷን ሰበሰበች። «ወይዘሮ ማሪቱ፣ አንድ ነገር ግልጽ ይሁንልን። እሳቸው እንደገና ከተጠየቁ አንደኝነትዎ ሊወሰድ ይችላል። ዝም ቢሉ ግን ሰኞ ይረከቡ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን መጡ?»

«እንዲህ ሆኜ ብቀመጥበት ይቆረቁረኛል» አለች ማሪቱ። ሌላ ምክንያት ብትፈልግም አልመጣላትም።

ለጋሽ ኪዳኔ ሌላ ቀጠሮ ተያዘ። ሲነገራቸው አሻፈረኝ አሉ። ሁለት ቀን ሙሉ ማንንም ሳያናግሩ ክምራቸው ሥር ተደብቀው ዋሉ። ማተሚያው ወረቀት ሲነክስ እንኳ አልተነሡም፤ ሰው ታመዋል ብሎ አወራ። በሦስተኛው ቀን ምሳ ላይ ማሪቱ፣ ዱርሲቱና ማርቆስ ወደተቀመጡበት መጡና ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እንግዲህ» አሉ፣ «ማሳዬ አረም ወርሶታል። ጠርቻችኋለሁ።»

ዱርሲቱ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ እንዳያዩባት ጎንበስ ብላ ጫማዋን አሰረች።

ያ ሳምንት ማሪቱ እስከ ዛሬ የሚናፍቃት ሳምንት ነው። ቡራዩ ላይ ከሰዓት በኋላ ያ ዝምታ ሲከብዳት የምትሄደው ወደዚያ ነው። ሦስቱም የምሳ ሰዓታቸውን ሰጡ። ማርቆስ ክምሩን እየከፈለ ለሁሉም አደለ፤ አራገፉት። ከሥሩ ጠረጴዛው ሲወጣ አረንጓዴ ሆኖ ተገኘ፤ ቀለሙን ያወቀ ሰው አልነበረም። ጋሽ ኪዳኔ ሰው ሲሠራላቸው መቀመጥ አልቻሉም። ያሳክካቸዋል፣ ይነሣሉ፣ ሻይ ላምጣላችሁ ይላሉ። ዱርሲቱ ትከሻቸውን ይዛ ታስቀምጣቸዋለች። «ባለ ደቦ ያበላል እንጂ አይንቀለቀልም» ትላቸዋለች። እሳቸውም ሽሮ አበሏቸው።

ማርቆስ ከዋናው መሥሪያ ቤት እንደመጣ ሰው ሆዱን ነፍቶ ይጠይቃል።

«በመጋዘን ሥራዎ ያከናወኑትን አንድ ትልቅ ነገር ይንገሩን።»

«ያ ዝናብ የገባ ጊዜ፣ ዱርሲቱ ናት ልጆቹን አስተባብራ ብርድ ልብሱን ያወጣችው።»

«የእርስዎን ነው የጠየቅነው።»

«እሱማ አንተ ነህ ጣራውን የጠገንከው።»

ማርቆስ ተስፋ ቆርጦ ማሪቱን አያት። ማሪቱ ወንበሯን አስጠጋች። ያን ቀን ጣራው ሊያፈስ መሆኑን ቀድመው ያዩት፣ ዕቃውን በየት በኩል ማውጣት እንደሚሻል የነገሯቸው፣ ማርቆስን ከቤቱ ያስጠሩት ማን እንደነበሩ አስታወሰቻቸው። እንዲህ እያለች የሠሩትን ሁሉ ከሌሎች ሰዎች ሥራ ውስጥ እየለቀመች አወጣችላቸው። ከእሷ በቀር ያን ሊለቅም የሚችል አልነበረም፤ ፊት ለፊታቸው የኖረችው እሷ ናትና። ባወጣችላቸው ቁጥር ከገዛ ወንበሯ አንድ እግር እየነቀለች እንደሆነ ገብቷታል። እጇ ግን አልቦዘነም። እንዲያውም የሚጠየቁትን እየገመተች ቤቷ ድረስ ታስብላቸው ጀመር።

ተጠየቁ። ከፍርሃታቸው የተነሣ ክራቫታቸውን ጠምዝዘው ጠምዝዘው ገመድ አስመሰሉት፤ ግን አፋቸውን ከፈቱ፣ ተናገሩም። ውጤቱ ዓርብ ከሰዓት ተለጠፈ። አንደኛ አቶ ኪዳነወልድ። ማሪቱ ለጥቂት ተበልጣ ሁለተኛ ሆነች።

ሰው ሁሉ ጋሽ ኪዳኔን ሲከብ ማሪቱ ቦርሳዋን ይዛ ወደ ግቢው በር ወጣች። ለብቻዋ ሆና ልታለቅስ ነው ያሰበችው፤ መሐረቧንም አዘጋጅታለች። ቆማ ጠበቀች። ለቅሶው አልመጣም። ይመጣ እንደሆነ ብላ ያንን የበር እጀታ አሰበችው። የልጇን ጥያቄ አሰበችው። እዚያ ጋ ነደፋት፤ የለም አልልም፣ ነደፋት። ከሥሩ ግን ሌላ ነገር ነበር። ደረቷ ቀሎ፣ ትከሻዋ ወርዶ፣ ሰው ሁሉ ደግ መስሎ ይታያታል። ዓርብ ከሰዓት የሚያደቃት ድካም የት እንደደረሰ ጠፍቷታል። ያን ሳምንት እሷን ማንም አልረዳት። የሠራችው የራሷ ነበር፤ እስከ መጨረሻው ችላዋለች። ሳታስበው ልታፏጭ ከንፈሯን አሞጠሞጠች።

ያኔ ገባት።

ጋሽ ኪዳኔ ክራቫታቸውን አላልተው ከበሩ ብቅ አሉ። እሷን ፈልገው ነው የመጡት። ባርኔጣቸውን ከእጅ ወደ እጅ ያዘዋውራሉ።

«ማሪቱዬ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። የአንቺን...»

«እርስዎን የመሰለ ስስታም በሕይወቴ አላየሁም» አለቻቸው።

ደነገጡ። በዚያ ግቢ ብዙ ስም ወጥቶላቸዋል፤ ይህን ግን ማንም ብሏቸው አያውቅም።

«እኔ? ስስታም?»

«አንድ ነገር ይመልሱልኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ሰው ረድተው ወደ ቤትዎ ሲሄዱ፣ እዚህ ጋ» ደረቷን አሳየቻቸው፣ «እንዲህ እያለዎት ነበር የሚሄዱት?»

ጋሽ ኪዳኔ ፊቷን አዩት። ምን እንደያዛት ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም፤ ያውቁታል። ቀስ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

«ታዲያ አንድ ቀን እንኳ ለአንዳችን ሳያቀምሱን፣ ለብቻዎ በሉት?»

ክቡር አቶ ኪዳነወልድ፣ የሁሉም ክፍል ምክትል፣ እጅ ከፍንጅ እንደተያዘ ሰው አቀረቀሩና፣ «እንዲህ የምታጣጥሚው መሆኑን ባውቅ ኖሮ፣ እውነቴን ነው፣ ቀደም ብዬ እታመምልሽ ነበር» አሏት።